ጭስ መውጫ ያጣበት ቤት
ከጀፎረ መንደር እስከ ምድር ቤት መኝታ



«ጭስ መውጫ አያጣም» ይላል የሀገራችን ሰው። ይህ ተረት የተተረተው ለሣር ቤት ነው። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ በሆነ ጐጆ ውስጥ ጭሱ ዓይን አስለቅሶ፣ ምሰሶውን ጥላሸት ቀብቶ፣ በመጨረሻ በክዳኑ መካከል ሾልኮ ይወጣ ነበር። ዛሬ ግን በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በአዲስ አበባም ሆነ ዘመዶቻችን በሚኖሩባቸው ሌሎች ከተሞች፣ ጭስ መውጫ የሚያጣበት ቤት ሠርተናል። ቤታችን ተለወጠ፤ እሳታችን ግን ያው የጥንቱ ነው። አደጋው የመጣው ከዚህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ከታሪኩ ተነሥቶ ማስረዳት፣ በመጨረሻም እኛ የእድር አባላት ልናደርገው የምንችለውን ማመልከት ነው። «ስለ መስኮትና ስለ ከሰል ምድጃ በእድር መጽሔት መጻፍ ምን አመጣው?» የሚል አባል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ከሰል አንድደው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነሡ ሲቀሩ፣ በሩ ከተሰበረ በኋላ የሚጠራው እድር ነው። ጥሩንባ የምናስነፋው፣ ድንኳን የምንተክለው እኛው ነን። ታዲያ ከጥሩንባው በፊት ብንናገር ምን አለበት?

የአባቶቻችን ቤትና ጀፎረ

በጉራጌ ሀገር ያደገ ሁሉ ጀፎረን ያውቀዋል። ለማያውቁት ወጣቶቻችን ለመግለጽ ያህል፣ ጀፎረ መንደሩን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ፣ ሣር የለበሰ ጐዳና ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እርሱ ይመልሳሉ፤ ከጓሮ ደግሞ እንሰት ይተከላል። መስቀል የሚደምቀው፣ ሠርግ የሚያልፈው፣ ለቅሶ የሚቀመጠው፣ ከብቱ የሚውለው፣ ልጁ የሚቦርቀው በዚሁ በጀፎረ ላይ ነው። አጥርን ገፍቶ ከጀፎረ ላይ መሬት መቁረስ በባህላዊው ሕግ የሚያስቀጣ፣ በሰውም ዘንድ የሚያሳፍር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ብዙ ጊዜ የማናስበው አንድ ጥቅም አለው። የሣር ጣሪያ አንዴ እሳት ከያዘው ፍንጣሪው በነፋስ ይበራል። ቤት ከቤት ተጣብቆ ቢሠራ አንድ ምድጃ መንደሩን ሁሉ ይፈጅ ነበር። ሰፊ ጐዳና በመካከል ሲኖር ግን እሳቱ ወዲያ ማዶ ለመሻገር ይቸገራል፤ ሕዝቡም ኡኡታውን ሰምቶ ሲመጣ የሚቆምበትና ውሃ የሚያቀባብልበት ቦታ ያገኛል። እንሰቱም ግንዱ ውሃ ያዘለ ተክል ስለሆነ እንደ ደረቅ አጥር በቀላሉ አይቀጣጠልም። ጀፎረ ለእሳት ብቻ ታስቦ የተሠራ ነው አንልም። ነገር ግን እሳትን የሚያርቅ ባዶ ቦታ በሕግ ተጠብቆ ኖሯል።

ወደ ቤቱ ውስጥ ስንገባ ደግሞ ምድጃው ከመሬቱ ላይ፣ ጣሪያው ከፍ ብሎ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ነው። ጭሱ ሽቅብ ይወጣና ከላይ ይጠራቀማል፤ ሰው ዝቅ ብሎ በርጩማ ላይ ወይም ምንጣፍ ላይ ይቀመጣል። ጭሱ በክዳኑ እየሰረገ ሲወጣ ተባይን ያባርራል፣ ሣሩንም ከመበስበስ ያቆየዋል። በሩ፣ የግድግዳው ስንጥቅ፣ ክዳኑ ራሱ ሁሉም አየር ያስገባ ነበር።

ይሁን እንጂ ያለፈውን ሁሉ ማሞገስም ተገቢ አይደለም። እናቶቻችን በጭስ ዓይናቸው ታሟል፤ ሕፃናት ሳል አልለቅ ብሏቸዋል፤ በምድጃ የተቃጠለ ልጅ ያልነበረበት መንደር የለም። በቡታጅራ ዙሪያ የተደረገ አንድ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 በቡታጅራ የገጠር ጤና ጥናት ማካሄድ ጀምረው ነበር። በዚሁ አካባቢ ወደ 3300 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ የተወሰደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ልኬት፣ እንጨትና ኩበት በሚነድባቸው ቤቶች ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ በአማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 97 ማይክሮግራም መድረሱን አመለከተ። የዓለም የጤና ድርጅት በዚያን ጊዜ ለዓመቱ አማካይ ያስቀመጠው ወሰን 40 ነበር። እንግዲህ የሣር ቤቱም ቢሆን በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ጤና ይጎዳል። ልዩነቱ፣ በአንድ ሌሊት ቤተሰብ የሚጨርስ ቤት አለመሆኑ ነው። ያኛው የመጣው በኋላ ነው።

ከሣር ወደ ቆርቆሮ፣ ከመንደር ወደ ሱቅ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የጉራጌ ሰው በእግሩ እየተጓዘ ወደ ከተማዋ ገባ። የጉልበት ሥራ ሠራ፣ ሸክም ተሸከመ፣ ቆጥቦም ወደ ንግድ ተሻገረ። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ቆርቆሮ በብዛት መግባት ቻለ፤ የከተማውም ጣሪያ ከሣር ወደ ቆርቆሮ ተለወጠ። ጣልያን ሀገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ዛሬው መርካቶ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ መርካቶና የጉራጌ ነጋዴ ስማቸው አብሮ ይነሣል።

የሱቅ ኑሮ ምን ይመስል እንደነበር ከመካከላችን የሚያውቅ ብዙ ነው። ከሀገር ቤት የመጣ ልጅ ለዘመድ ሱቅ ሲገባ ማደሪያው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ባንኮኒ ላይ፣ ወይም ከዕቃው በላይ በተሠራ ቆጥ ላይ። ሌባ እንዳይገባ በሩ ከውስጥ ይቀረቀራል፤ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱ ከውጭ ቆልፎ ይሄዳል። መስኮት የለውም፤ ካለውም በዕቃ ተሸፍኗል። ከአጠገቡ የላምባ ጀሪካን፣ ክብሪት፣ ጨርቅና ካርቶን ተደርድሯል፤ መብራቱ ደግሞ ከቆርቆሮ ጣሳ የተሠራ ኩራዝ ነው። ያን ዘመን ብዙዎች በደህና አለፉት፤ አንዳንዶቹ ግን አላለፉትም። «ለዕቃው ጠባቂ ይሆናል» ተብሎ የተኛው ልጅ ራሱ ጠባቂ እንደሚያስፈልገው የሚያስብ ጥቂት ነበር።

የእድርን አጀማመር የጻፉ ሰዎች ብዙዎቹ ነገሩን በአዲስ አበባ ከሰፈሩ የጉራጌ ተወላጆች ጋር ያያይዙታል። ከሀገሩ የወጣ ሰው በባዕድ ከተማ ቢሞት ቀባሪ እንዳያጣ ነው የተሰባሰበው። ይህ የመሰባሰብ ልማድ ከቀብር አልፎም ሠርቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች በማኅበር ተደራጅተው ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሀገራቸው የሚገባውን መንገድ አሠርተዋል። በቡታጅራ በኩል የሚያልፈው የዓለምገና መንገድም የዚህ ጥረት አንዱ ፍሬ ነው። ወልቂጤም በበኩሏ በአዲስ አበባና በጅማ መንገድ ላይ ሆና አደገች።

በዚያ መንገድ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ገባ። በዚያው መንገድ ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ ብሎኬቱ፣ መስተዋቱ ገባ። ከስምጥ ሸለቆ ግራር የሚከስለው ከሰልም በጆንያ እየተጫነ ገባ። ቤታችን አማረ፤ ግድግዳው ተለሰነ፤ ኮርኒስ ተወጠረ፤ በሩ ብረት ሆነ። ሰው ደስ ብሎት ገባበት። ነገር ግን ሣሩ ሳይከፈል ይሠራው የነበረውን ሥራ፣ ማለትም አየር ማስተንፈሱን፣ ማን ይተካው? መስኮት መተካት ነበረበት። መስኮቱን ደግሞ ብርድ ይገባል ብለን ዘጋነው።

ፍሙ

ስለ ከሰል በብዙ ቤት የሚነገር አንድ አባባል አለ። «ደጅ ላይ ጭሱ ይውጣለት፤ ፍም ከሆነ በኋላ ምንም አያደርግም» ይባላል። ብዙ ሰው የሞተው በዚህ እምነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ሲነድ በቂ አየር ካላገኘ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፤ አያስልም። ጭስ ሲያስጠነቅቅ ይህ ግን አያስጠነቅቅም። የሚወጣውም በተለይ ቀይ ሆኖ ከሚታየው፣ ጭስ ከሌለው ፍም ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ክሎድ ቤርናር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ እንዳስረዳው፣ ጋዙ ወደ ደም ገብቶ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። የደማችን ቀይ ክፍል ከኦክሲጅን ይልቅ ይህንን ጋዝ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ጥቂት ቢኖርም ሌሊቱን በሙሉ በደም ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚህም በላይ ክፍሉ በተዘጋ መጠን አየሩ ያንሳል፤ አየሩ ባነሰ መጠን ፍሙ ይህንኑ ጋዝ አብዝቶ ያወጣል።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። የነቃ ሰው ሕመሙ ሲሰማው ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ የተኛ ሰው ግን እንቅልፉ ከበደ እንጂ መርዝ መሆኑን አያውቅም። ሲነቃም እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። በር አጠገብ ወድቀው የሚገኙ ሰዎች ታሪክ ይኸው ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። ስመ ጥሩው ፈረንሳዊ ደራሲ ኤሚል ዞላ በመስከረም 1895 ዓ.ም. ፓሪስ በሚገኘው ቤቱ ተኝቶ ሳለ የጭስ ማውጫው ተዘግቶ በዚሁ ጋዝ ሞቷል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴክሳስ ብርቱ ብርድ ሆኖ መብራት በጠፋ ጊዜ፣ ለመሞቅ ሲሉ ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ፣ በዝግ ጋራዥ መኪና ያስነሡ ሰዎች ተጎድተዋል፤ ከተጎጂዎቹ መካከል የኢትዮጵያ ተወላጆች ቤተሰብ ነበረበት። ጋዙ ሀብታም ድሃ፣ ተማሪ መሐይም አይለይም።

በእኛ አገር ይህ አደጋ ወራት አለው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1900 ሜትር፣ ቡታጅራ ወደ 2100 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይከብዳል። ያን ጊዜ ቡና የተፈላበት ምድጃ «ቤቱን ያሙቅልን» ተብሎ እዚያው ያድራል፤ በበሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። አራስ ቤትም ለእናትና ለሕፃን ሙቀት ተብሎ ከሰል የሚገባበት ነው። የለቅሶ ቤትንም አንርሳ፤ ሰው በርክቶ በአንድ ክፍል ሲያድር፣ ቡናውም ከሰሉም ሌሊቱን አይቋረጥም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃ ወጥታ ብዙ ቤት ገብታለች። ከሰል በመቆጠብ ጥሩ ናት፤ ጋዙን ግን አታስቀርም። ምድጃው የቱንም ያህል ቢሻሻል ከሰል ከሰል ነው።

ምድር ቤትና ኋላ ያለው ክፍል

አሁን ወደ ዛሬው ከተማችን እንምጣ። ተዳፋት ላይ ቤት ሲሠራ ከሥር አንድ ክፍል ይተርፋል። ሦስት ወገኑ አፈር ነው፤ በአንድ ወገን በር አለው። ይህንን ምድር ቤት እንለዋለን። ቀድሞ የእህልና የዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ከተማው ሲጠብ፣ ኪራይ ሲወደድ፣ ሰው ይተኛበት ጀመር። በግቢ ውስጥ ከዋናው ቤት ኋላ ተደርድረው የሚሠሩት የሰርቪስ ክፍሎችም ብዙዎቹ ከዚህ አይሻሉም፤ ጀርባቸው የጎረቤት ግንብ ነው፣ መስኮታቸው ከበሩ ጐን ነው። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ጉብሬ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በአካባቢው ክፍል የሚፈልግ ወጣት በርክቷል። ሱቅ የሚጠብቅ ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣች ልጅ፣ ሁሉም ርካሹን ክፍል ይይዛል። ርካሹ ክፍል ደግሞ አየር የሌለው ነው።

አየር እንዲናፈስ መግቢያና መውጫ ሊኖረው ያስፈልጋል። በአንድ ወገን ብቻ የተከፈተ ክፍል እንደ ጠርሙስ ነው፤ ውስጡ ያለው አይወጣም። በምድር ቤት ከሰል ማንደድ ቀርቶ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ከበሩ አጠገብ ማስነሣትም ያው መርዝ ወደ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው።

ሕጉ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ስለ ብርሃንና ስለ አየር መናፈሻ፣ ስለ እሳት አደጋ መከላከልም ደንግጎ ነበር። ነገር ግን አንድ ክፍል በጓሮ የሚቀጥል ሰው ጋር አዋጅ ሲደርስ አይታይም። እዚያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው።

አንድ በር፣ አንድ መውጫ

ከጋዙ ሌላ እሳቱ ራሱ አለ። የመኝታ ክፍሎቻችንን ልብ ብለን እንመልከት። መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። በሩ ብረት ነው፤ ቁልፉ በጨለማ የት እንዳለ አይታወቅም። ምድጃው፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ፣ ሞተር ሳይክሉ የሚቆመው በበሩ አጠገብ ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ከረጢት ወይም ላስቲክ ነው፤ በላዩ ላይ የተገጣጠመ ሽቦ ያልፋል። እንግዲህ እሳት ቢነሣ የሚነሣው ከበሩ አጠገብ ነው፤ የተኛው ሰው ደግሞ ከውስጥ ነው። ሌባን የከለከለው ብረት ባለቤቱንም ይከለክለዋል።

በጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣውን ቃጠሎ ሁላችንም ሰምተናል፤ ከመካከላችን ዘመዱ ንብረት ያጣም ይኖራል። ሱቆቹ ተጣብቀው የተሠሩ፣ መተላለፊያውም የጠበበ ስለነበረ የእሳት አደጋ ሠራተኞች እንደልብ ለመግባት ተቸግረው ነበር። እዚህ ላይ ጀፎረን ማስታወስ ይገባል። አባቶቻችን ከእያንዳንዱ ቤት ፊት ሰፊ ቦታ ትተው፣ የገፋውን ይቀጡ ነበር። እኛ ግን በከተማ አንዲት ክንድ መሬት ለማትረፍ ግንብ ከግንብ አጣብቀን፣ በቀረችው መተላለፊያም ዕቃ ደረደርንባት።

ምን እናድርግ?

አባላት ሆይ፤ ከመካከላችን የሚያከራይ አለ፣ የሚከራይም አለ። ልጁን ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ ልኮ ክፍል ያስያዘለትም አለ። ስለዚህ የሚከተለው ለሁላችንም ነው።

አንደኛ፣ የከሰል ምድጃ ከሰው ጋር አይደር። ቡናው ሲያልቅ ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ፤ ፍሙ በአመድ ተዳፍኖ በቤት ውስጥ መቆየቱ አይበቃም፣ ረመጡም ጋዝ ያወጣልና። ብርዱን በብርድ ልብስ እንከላከል።

ሁለተኛ፣ በየክፍሉ ሁለት ቀዳዳ ይኑር፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ፣ የሚቻል ከሆነም በተቃራኒ ግድግዳ። በምድር ቤት ይህ ካልተቻለ ክፍሉ ለዕቃ እንጂ ለመኝታ አይከራይ። ግድግዳ መብሳት የአንድ ቀን የግንበኛ ሥራ ነው፤ ከአንድ ወር ኪራይም የሚበልጥ ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ ከመስኮቶቹ ቢያንስ የአንዱ ፍርግርግ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ ሁሉ ሰው በሚያውቀው ቦታ ይሰቀል። ሰውን ከውጭ ቆልፎ ማሳደር ጨርሶ ይቅር።

አራተኛ፣ በበር መውጫ ላይ ምድጃ፣ ነዳጅና ሞተር ሳይክል አይቀመጥ።

አምስተኛ፣ በጋዙ የተጎዳ ሰው ሲገኝ መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ኦክሲጅን ነው። ራሱን በሳተ ሰው አፍ ወተት ማፍሰስ ያንቀዋል እንጂ አያድነውም። ደህና የመሰለም ቢሆን ይመርመር፤ አብረውት ያደሩትም እንዲሁ።

ከዚህ በተረፈ ለእድራችን ዳኛና ለሥራ አስፈጻሚዎቻችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ከክረምቱ በፊት የሚያከራዩ አባላት ክፍሎቻቸውን በጎረቤት ፊት እንዲያሳዩ ቢወሰን፤ አቅም ለሚያንሰው አባልም ግድግዳውን የሚበሳለትን ግንበኛ እድሩ ቢከፍልለት። ለአንድ ቀብር ከምናወጣው ጋር ሲነጻጸር ወጪው ኢምንት ነው። ቅጣት ይኑር አይኑር ጉባኤው ይወስን። አባቶቻችን ግን ጀፎረን የገፋን ሰው ያለ ቅጣት አላለፉትም።

በለቅሶ ቤትም ከሰሉ በድንኳኑ ሥር፣ ክፍት በሆነው በኩል ብቻ እንዲነድ የዕቃ ኃላፊያችን ከድንኳኑ ጋር ይህንን አብሮ ቢያሳስብ መልካም ነው። ለአንድ ሟች ልናለቅስ ተሰብስበን ሌላ ሟች እንዳንጨምር።

«ነገር ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። መንገድ ያሠራ ሕዝብ መስኮት ማሠራት አያቅተውም። ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት እያንዳንዳችን ተነሥተን ምድጃው የት እንዳለ፣ ቁልፉ የት እንደተሰቀለ፣ ኋላ ባለው ክፍል የተኛው የሰው ልጅ አየር ያገኝ እንደሆነ እንይ። እድራችን የሚያሰባስበን ለደስታ ያድርግልን።